እህቴ ኪያሪ የሚባል የአንጎል ችግር አለባት ተብላለች፣ ኦፕራሲዮኑን ያደረገ ሰው አለ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምንኖረው፣ ታላቅ እህቴ 34 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቡና ስታፈላ የጋለ ጀበና በባዶ እጇ አነሳች። አቦሉን ቀድታ ስኒውን ስታቀብለኝ ነው መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ያየሁት፣ እሷ ምንም አልተሰማትም። ስነካት ግን ታውቃለች። ስታስል ደግሞ ማጅራቷን ይሰነጥቃታል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ነርቭ ነው" እየተባለ የቫይታሚን መርፌ ስትወጋ ከረመች። በመጨረሻ አንድ ዶክተር ትከሻና ክንዷን በመርፌ ጫፍ እየነካካ ካያት በኋላ የአንገት ኤምአርአይ አዘዘላት። ኪያሪ ዓይነት አንድ ነው፣ ህብለ ሰረሰሯ ውስጥም ውሃ አለ ተባለ። እናቴ "ጭንቅላቷን አላስነካም" ብላለች፣ ጎረቤት ወጌሻ ይያት ይላል። ጨንቆኛል።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ወጌሻውን ተዉት፣ እንዲህ ያለ አንገት መታሸትም መጠምዘዝም የለበትም። ኪያሪ ማለት የትንሹ አንጎል ጫፍ ከራስ ቅሉ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ አንገት ሲወርድ ነው፣ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1891 ከጻፈበት ሐኪም ከሐንስ ኪያሪ የመጣ ነው። ቀዳዳው ሲወተፍ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ እንደልቡ መመላለስ ያቅተውና ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ከመሐል ወደ ውጭ ይጨፈልቀዋል። የሕመምና የሙቀት መስመሮች የሚሻገሩት እዚያው መሐል ላይ ስለሆነ ቀድመው ይጎዳሉ፣ የንክኪው መስመር ግን በጀርባ በኩል ስለሚያልፍ ይቆያል። የጀበናው ነገር በዚህ ነው። ምግብ ትን ካላት፣ እግሯ ከተንገዳገደ ወይ ሽንት ካመለጣት ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሸዋበር፦
ወንድሜ አዲስ አበባ ተሠርቶለታል። ለእናትህ ይህን ንገራቸው፣ የሚያነሱት አጥንት ነው። ከማጅራት በላይ ካለው የራስ ቅል ትንሽ፣ ከመጀመሪያው የአንገት አጥንትም የኋላውን አነሱለት፣ ከዚያ የአንጎሉን ሽፋን ከፍተው የሽፋን ቁራጭ ሰፍተውበት ቦታውን አሰፉት። ፈሳሽ ሊያፈስ፣ ኢንፌክሽንም ሊይዝ ይችላል፣ ይህን ቀዶ ሐኪሙን በደንብ ጠይቁ። ሲያስል የሚያመው ቶሎ ተወው፣ የጣቱ መደንዘዝ ግን ዛሬም አለ። ዋናው ሥራው እንዳይብስ ማቆም ነው፣ የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፣ እኛ ብዙ ቆይተን ነው የወሰድነው፣ እናንተ አትቆዩ።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ። ማታ ለእናቴ አጥንቱን ወረቀት ላይ ስዬ አሳያታለሁ። እስከዚያ ጀበናውን የማነሳው እኔ ነኝ።