የታችኛውን የወጥ ቤት ካቢኔት ለድስት ማስቀመጫ ወደ መሳቢያ ስለ መለወጥ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የወጥ ቤታችን የታችኛው ካቢኔት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ ኤምዲኤፍ በሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ የተሠራ ነው፤ ከላዩ ግራናይት ተጭኖበታል። ልለውጠው ያሰብሁት ክፍል በውስጥ በኩል 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 54 ጥልቀትና 70 ከፍታ አለው። ሁለት በሮች ሲኖሩት በመካከላቸው ምሰሶ የለም፤ ከውስጥ አንድ የማይንቀሳቀስ መደርደሪያ ብቻ አለው። ድስቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ የሚፈለገው ድስት ምንጊዜም ከሥር ወይም ከኋላ ነው።

እናቴ ከገጠር መጥታ አብራን ከተቀመጠች ወዲህ ነገሩ ከመሰላቸት አልፏል። ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው እሑድ የዶሮ ወጥ ድስቱን ለማውጣት ስትል አንድ እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ በሌላው ፊት ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ስትደረድር አየሁና ደነገጥሁ። ካቢኔቱን ሳላፈርስ በውስጡ መሳቢያ ማስገጠም ይቻል ይሆን? የሚቻል ከሆነ ምን ዓይነት ሐዲድና ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል? ሠፈራችን ያለው አናጺ ጎበዝ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነግሮኛል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ እንጨት ሥራ መተዳደሪያዬ ስለሆነ ይህን ሥራ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ይቻላል። ከካቢኔቱ በፊት ግን ድስቶቹን ይለኩ። ሰው ሁሉ የድስቱን አፍ ይለካና ጆሮውን ይረሳል። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድስት ከጆሮ እስከ ጆሮ ሲለካ 40 ሊደርስ ይችላል። ከፍታውንም ክዳኑን ከነእጀታው ገጥመው ይለኩና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩበት። የመሳቢያዎቹን ከፍታ የሚወስነው ይህ ልክ ነው፤ ሰባውን ሴንቲ ሜትር እኩል ለሁለት መክፈል ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የስፋቱ ጉዳይ ሲሆን፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሩ ዘጠና ዲግሪ ሲከፈት ማጠፊያውም የበሩ ጠርዝም ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይቀራሉ። በ76 ሴንቲ ሜትር ልክ የተሠራ መሳቢያ ሲሳብ ከእነርሱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ማራቂያ ይገጠማል፤ ያን ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ኩሽኔታ ያለው ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሚወስድ፣ የመሳቢያው የውጭ ስፋት 67.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጎኑን በ15 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከሠሩት የውስጥ ስፋቱ 64.4 ነው። ሁለት ባለ 30 ድስቶች ጆሯቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዞሮ ጎን ለጎን ይገቡበታል፤ ጆሯቸው ወደ ጎን ከሆነ ግን አይገቡም።

ሐዲዱን በተመለከተ፣ ነጭ ቀለም የተቀባውና በትንሽ የፕላስቲክ ጎማ የሚንሸራተተው ርካሽ ነው። ነገር ግን መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም፤ ከኋላ ያለው ድስት አሁንም ከኋላ ይቀርብዎታል። የሚጠቅምዎ ሦስት እጥፍ ሆኖ እስከ መጨረሻው የሚወጣው፣ ኩሽኔታ ያለው፣ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ጥንዱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ይሸከማል። ድስቶችዎን በሚዛን ቢመዝኑ ከዚያ በታች እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ሆኖም መሳቢያው ውስጥ ብረት ሙቀጫ ለማስቀመጥ ካሰቡ አስቀድመው ለአናጺው ይንገሩት።

ለማራቂያው በደንብ የደረቀ ዋንዛ ይምረጡ፤ በእኛ አገር አይታጣም፣ ለመላግም የተመቸ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን በጭራሽ አያስገቡ፤ እየደረቀ ሲሄድ ይጣመምና ሐዲዱን ይዞት ይሄዳል። የኤምዲኤፉ ፊት ልባስ ካለው ኮላ አይዝም፤ ማራቂያው በብሎን ነው የሚታሰረው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ማራቂያና 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በድምሩ 4.8 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ 4.5 ሴንቲ ሜትር ብሎን በደንብ ነክሶ ይይዛል፤ ወደ ሌላው ወገንም አይወጣም። የመሳቢያው ወለል 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ከሥር በሚስማር ከመምታት ይልቅ በጎኖቹ ቦይ ተቆርጦለት ይግባ። ከሥር የተመታ ወለል በድስት ክብደት ቀስ በቀስ ይነቀላል። የጎኑ ከፍታ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ድስት ራሱ ቆሞ የሚሄድ ዕቃ ነው።

የቆየው መደርደሪያ በኮላ ተጣብቆ አልወጣ ካለ፣ በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅ መሐሉን በመጋዝ ቆርጦ ሁለቱን ቁራጮች እያወዛወዙ ማውጣት ይሻላል። መዶሻው የካቢኔቱን ጎን ይሰነጥቃል።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

የእኔ ወጥ ቤት ካቢኔት በብሎኬት ተገንብቶ የተለሰነ ነው፤ እንደኔ ያለ ቤት ብዙ ስለሆነ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ያሠራሁት አናጺ ስፋቱን የለካው ከፊት ብቻ ነበር። መሳቢያው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ገባና ቀጥ አለ፤ ለካ ግድግዳው ከኋላ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠብ ነበር። መሳቢያውን ላገው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከፊት ላላና ሐዲዱ ከቦታው ይወጣ ጀመር። በመጨረሻ ሌላ ሰው መጥቶ በብሎኬቱ መካከል የእንጨት ፍሬም አስገባ፣ በውሃ ልክ አስተካከለው፣ ሐዲዱን ከፍሬሙ ጋር አሰረው። ሁለት ጊዜ ከፈልሁ። ስለዚህ ከፊትም ከመሐልም ከኋላም፣ ከላይም ከታችም ተለክቶ ጠባቡ ልክ ይያዝ።

ሌላው የሸክላ ድስት ነገር ነው። መሳቢያ በኃይል ሲዘጋ ሸክላው ተንሸራቶ ከብረት ድስቱ ጋር ይጋጫል፤ አንድ የሹሮ ድስት በዚህ ምክንያት ከንፈሩ ተሸርፎብኛል። አሁን ለእያንዳንዱ ሸክላ ማቶት አበጅቼ ከመሳቢያው ወለል ጋር አሰፍሬዋለሁ፤ ጀበናውም እንዲሁ በማቶቱ ላይ ይቀመጣል፤ ንቅንቅ አይልም። ክዳኖቹን ደግሞ በአንድ ጎን ቀጭን መከፋፈያ አስደርጌ አቁሜያቸዋለሁ።

መልስ፣ ከዳንግላ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በዋናው አሳብ ላይ ጥያቄ አለኝ። በበር ውስጥ ያለ መሳቢያ ሦስት ሥራ ይጠይቃል፤ አንዱን በር መክፈት፣ ሌላውን በር መክፈት፣ ከዚያም መሳብ። በሩ በግማሽ ከተከፈተ መሳቢያው ይፍቀዋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት በሮቹን ጨርሶ አንሥቶ የመሳቢያው ፊት ራሱ በር እንዲሆን ማድረግ አይሻልምን? ማጠፊያ ከሌለ ማራቂያም አያስፈልግም፤ ስድስቱ ሴንቲ ሜትር ለድስት ይተርፋል።

በነገራችን ላይ፣ የእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ክፍልና የጋዝ ሲሊንደር ያለበትን ክፍል ለዚህ ሥራ አታስቡት። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ታች ይጠራቀማል፤ አየር የሚያስወጣውን ቀዳዳ በመሳቢያ መዝጋት አደገኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም በዚህ መሳቢያ አይገባም፤ ባይገባም መልካም ነው፤ ሸክላው መወዝወዝ አይወድም።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድስቶቹን በእህል ሚዛን መዘንኋቸው፤ ክዳኖቹን ጨምሮ 19 ኪሎ ሆኑ። የዳንግላው ወንድሜ ያነሡትን ለእናቴ ስነግራት፣ ባዶው ካቢኔት ፊት ቆማ አንዴ በሮቹን ከፍታ፣ አንዴ በሮቹ እንደሌሉ አድርጋ ሞከረችው፤ በሮቹ ይነሡ አለች። አናጺውም ተስማምቷል። ሁለቱ በሮች ቁመታቸው እንጂ ስፋታቸው ስለማይበቃ የመሳቢያ ፊት ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ አዲስ ፊት መቁረጥ ግድ ነው። ቀለሙ ከሌሎቹ በሮች ጋር ባይመሳሰልም ችግር የለብኝም። የታችኛው መሳቢያ ለትልልቅ ድስቶች 40 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 30 እንዲሆን ወስነናል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ የእጀታው ነው፤ እንደ ቀድሞዎቹ በሮች በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ እጀታ ይደረግ ወይስ አንድ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

በሮቹ መነሣታቸው ጥሩ ውሳኔ ነው፤ እኔ እርስዎ የጠየቁትን ብቻ መለስሁ እንጂ ይህን ማንሣት ነበረብኝ። ስፋቱ አሁን 73.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን ያው 50 ነው። እንዲህ ከጥልቀቱ ይልቅ የሚሰፋ መሳቢያ በአንድ ጎኑ ከተሳበ ይወላገድና ይነክሳል። ሁለት እጀታ ካለ ደግሞ ሰው ሌላ እጁ ሥራ ሲይዝበት አንዱን ብቻ መሳቡ አይቀርም። መሐሉ ላይ አንድ ረዘም ያለ እጀታ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ ከፊቱ የላይኛው ጠርዝ ቀረብ ብሎ ይገጠም፤ እናትዎ ብዙም ሳያጎነብሱ ይደርሱበታል።