ማይኬ ድንገት ዝም አለ፤ ለድምፅ ቀረጻ የቱን ልግዛ? (ደሴ፣ አስቸኳይ)

የሰኞ ገበያው፦
ሰላም ናችሁ? አስቸኳይ ነው። ቤት ውስጥ ድምፅ የምቀዳበት ኮንደንሰር ማይክ ዛሬ ጠዋት ዝም አለ። ምንም አይሰማም። አጎቴ የሚያወጣውን መንዙማ ሐሙስ ማታ ለሰርገኞቹ መላክ አለብኝ፤ ቃል ገብቻለሁ። ሰርጉ እሁድ ነው። የቱን ማይክ ልግዛ? አሪፍ ሆኖ ኪስ የማይጎዳ። ዳይናሚክ ነው ኮንደንሰር የሚሻለው? ከአዲስ አበባ አስመጣ እንዳትሉኝ፣ አይደርስልኝም። በአላህ ቶሎ መልሱልኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ኤስኤም 58 የሚባለውን የሹር ዳይናሚክ ማይክ ግዛ። አለቀ።

አባ ሽቦ፦
ከምን ጋር ነው የምትሰካው? ሚክሰር አለህ? ሳውንድ ካርድስ፣ ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን? ይህን ሳናውቅ የማይክ ስም ብንደረድርልህ ምን ይጠቅምሃል?

ጦሳ ላይ ነኝ፦
መንዙማ ከሆነ ማይክ ለምኑ ነው? አጎትህን ጦሳ ተራራ ላይ አውጣቸው፣ ኮምቦልቻ ድረስ ይሰማል። ሃሃሃ።

ሀያት ከኮምቦልቻ፦
እኛ ጋ ሳይደርስ ጉማችሁ ይውጠዋል። አብሽር ወንድሜ፣ መላ አይጠፋም።

መምህሩ፦
ከመግዛት በፊት ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፣ ሽፋኑ ላይ የሽቦ ጥቅል ተጣብቋል። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ጥቅሉ ማግኔት መሃል ይንቀሳቀስና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ ከውጭ ኃይል አይፈልግም። ኮንደንሰር ግን ስስ ሽፋንና የማይንቀሳቀስ ሳህን ፊት ለፊት የተቀመጡበት ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ነው ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው። ለዚህ ደግሞ ኃይል ያስፈልገዋል። የመጀመሪያውን ኮንደንሰር ማይክ እ.ኤ.አ. በ1916 የሠራው ኤድዋርድ ዌንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1962 ደግሞ ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ኤሌክትሬት የሚባለውን ዓይነት ሠሩ። ዛሬ በየስልካችን ያለው ማይክ ሲታይ...

ጦሳ ላይ ነኝ፦
መምህር፣ ልጁ ሐሙስ ነው ያለው። እርስዎ ገና 1962 ላይ ነዎት።

የሰኞ ገበያው፦
ሚክሰር የለኝም። ማይኩ ያ ጥቁሩ የቻይና ነው፣ ከነስታንዱ የሚሸጠው። የገመዱ አንዱ ጫፍ ባለ ሦስት እግር ነው፣ ሌላው እንደ ኢርፎን ያለ ትንሽ ጃክ። በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ነው የምሰካው። ሁሌም እንዲህ ነው የምሠራው፣ ትንሽ ሽሽ ይላል እንጂ ችግር የለውም ነበር።

አባ ሽቦ፦
ሁሌም ያልከው በዚሁ ላፕቶፕ ነው?

የሰኞ ገበያው፦
አይ፣ በዴስክቶፕ ነበር። ላፕቶፑን ትናንት ነው ያመጣሁት። ግን ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፣ በኢርፎን ዘፈን ያሰማል። እባካችሁ ወደ ማይኩ እንመለስ።

አባ ሽቦ፦
ማይኩ ላይማ ነን። እኔ ማይክህ ተበላሽቷል አልልም። ዴስክቶፕህ ጀርባ ላይ ለማይክ ብቻ የሆነ ሮዝ ቀዳዳ አለ። አዲሱ ላፕቶፕ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ግን እሱ ለኢርፎንም ለማይክም በጋራ ነው። ማይክ የሚያነበው ጃኩ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለ ነው። ያንተን እየው። ሁለት ቀለበት ከሆነ ላፕቶፑ ኢርፎን የሰካህ ይመስለዋል፣ ማይክ መኖሩንም አያውቅም።

መድኃኒቱ ማካፈያ ገመድ ነው። በአንድ በኩል ባለ ሦስት ቀለበት ጃክ፣ በሌላው ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ የማይክ አንዱ የኢርፎን ምልክት ያለበት። የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ጋ ጠይቅ። ዋጋው ከማይክ ጋር አይወዳደርም።

ሽሽታው ሌላ ጉዳይ ነው። ኮንደንሰር በደንብ እንዲሠራ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ ፋንተም ፓወር የሚሉት። የኮምፒውተር ጃክ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ርካሾቹ በዚያም ይነቃሉ፣ ግን ድምፃቸው ይደክማል፣ ያን ከፍ ስታደርገው ሽሽታውም አብሮ ይወጣል።

ገራዶ፦
ላፕቶፑን ሪስታርት አድርገው። ካልሆነ ሴቲንግ ገብተህ ማይክሮፎን የሚለውን ፍቀድ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ኤስኤም 58። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሸጥ ማይክ ነው፣ መድረክ ላይ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይሠራል። ደግሞ በዚህ ክረምት ቆርቆሮ ሥር በኮንደንሰር የሚቀዳው ዝናብ ነው። ዳይናሚክ ዝናብ አይቀዳም።

አባ ሽቦ፦
ዳይናሚክ ዝናብና መንዙማ ለይቶ አያውቅም። ልዩነቱ አፍህን አስጠግተህ ስለምትጠቀምበት ነው። ጠጋ ስትል ድምፅህ ይጎላል፣ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ማጉያ፣ ትቀንሳለህ፣ የጣሪያው ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል። ከአንድ ክንድ ርቀት ብትዘፍንበት እሱም ዝናቡን ይሰጥሃል።

ማይኩ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን የሚያወጣው ምልክት ደካማ ስለሆነ ያለ ሳውንድ ካርድ ላፕቶፕ ላይ ብትሰካው ሹክሹክታ ነው የምታገኘው። እንግዲህ የሁለት ዕቃ ዋጋ ነው የምታስወጣው። ደግሞም በገበያው ላይ አስመስለው የሠሩት ብዙ ነው። ዋናው ማይኩ ብቻ 298 ግራም ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜ አስመሳዩ ቀለል ይላል።

ጦሳ ላይ ነኝ፦
ሰኞ ገበያ የቅቤ ሚዛን ሞልቷል፣ ይዞ ይሂድ።

ሀያት ከኮምቦልቻ፦
እኔ የማይገባኝ ለሐሙስ ለምን ማይክ ይገዛል? ስልክ አለው አይደል? ስልኩን ኤሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ ትራስ ላይ ያስቀምጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይቅዳ። የሰርግ መንዙማ ነው፣ ሰዉ በስልክ ነው የሚሰማው።

የሰኞ ገበያው፦
እህቴ፣ ስልክማ ሞክሬ ነበር። ድቤው ሁሉን ነገር ይበላዋል።

ጓዳ ስቱዲዮ፦
ድቤ አለ እንዴ? ይህን መጀመሪያ ነበር መናገር። ድቤና ድምፅ በአንድ ማይክ ከሆነ ቦታው ነው የሚወስነው። አጎትህ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ይራቁ። ድቤው ከማይኩ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ። እንዲህ ዓይነት ማይኮች አብዛኞቹ ከፊት ነው የሚሰሙት፣ ከጀርባ የሚመጣውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ጀርባውን ለድቤውና ለመስኮቱ ስጠው። ከዚህ የሚሻለው ግን መጀመሪያ አጎትህን ብቻቸውን መቅዳት ነው፣ ቀስ ያለ መምቻ በኢርፎን እየሰሙ። ከዚያ ድቤው፣ ከዚያ ተቀባዮቹ፣ እያንዳንዱ በየራሱ። አውዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይደራርብልሃል።

ክፍሉ ባዶ ሳሎን ከሆነ ተወው፣ ያስተጋባል። አልጋና ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ግባ። ከአጎትህ ጀርባ ፍራሽ አቁም ወይም ብርድ ልብስ ስቀል። «ፐ» ስትወጣ ዱብ እንዳይል የሽቦ ቀለበት ላይ ስቶኪንግ ወጥረህ ከማይኩ ፊት አቁም። እዝዝ የሚል ነገር ካለ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ቅዳ። ድምፁ ሲጎላ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከቀዩ በታች ይቆይ፣ ቢያንስ 6 ዴሲቤል ትርፍ ይኑረው። ማነሱን በኋላ ታስተካክለዋለህ፣ የተቀደደውን ግን ማንም አይሰፋልህም።

መግዛቱ ከሰርጉ በኋላ ይሁን። ያኔ መጀመሪያ 48 ቮልት ያለው ሳውንድ ካርድ ግዛ፣ ስካርሌት ሶሎም ሆነ ዩኤም 2። ይሄኛው ማይክህም በሱ ላይ ሌላ ሆኖ ይሰማሃል። ዳይናሚኩን ቀስ ብለህ ትጨምራለህ። ሁለቱንም አልችልም ካልክ ዩኤስቢ ማይክ አለ፣ ሳውንድ ካርዱ ውስጡ ነው። ግን በኋላ ሚክሰር ላይ ልሰካው ብትል አብዛኛው እሺ አይልህም።

ገራዶ፦
ፖድካስት ላይ የሚታየው ትልቁ ጥቁርስ? ኤስኤም 7ቢ?

ጓዳ ስቱዲዮ፦
እሱ 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን ይፈልጋል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ ይጨነቅበታል። የዋጋውን ነገር ደግሞ አታንሳው።

መምህሩ፦
እኔም ልደርስበት የነበረው እዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ኤሌክትሬቱ በ1962...

የሰኞ ገበያው፦
አባ ሽቦ፣ ቀለበቱ ሁለት ነው! አላህ ይስጥዎት። ማካፈያውን ፍለጋ ወደዚሁ ወደ ደሴ ፒያሳ እየወረድኩ ነው። መጥቼ እነግራችኋለሁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ፒያሳ ከወረድክ አይቀር ኤስኤም 58ም ጠይቅ።

ሀያት ከኮምቦልቻ፦
ዛሬ ዓርብ ነው። ምን ላይ ደረስክ? ላክህላቸው?

ጦሳ ላይ ነኝ፦
ድቤው በልቶታል።

አባ ሽቦ፦
ማካፈያው ገብቶ እንኳ ዝም ካለ ገራዶ ያለውን ሴቲንግ እየው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ስትሰካ «ምን ሰካህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ ማይክ ያለበትን ምረጥ።

አዲስ ገቢ 3፦
ሰላም፣ ዴስክቶፑን ትሸጠዋለህ?