ጅቡቲ አርታ፦ ዌል ሻርኮችን ከጀልባ ጉዳት እንዴት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት ዌል ሻርኮች (ግዙፍ የሻርክ ዓሣዎች) ላይ የፕሮፔለር (ጀልባውን የሚገፋው የሞተር ተሽከርካሪ ስለት) ጠባሳ ይታያል። ፕሮፔለሩ ላይ መከለያ ማስገጠም ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። መከለያ ስለቱን ይከልላል እንጂ የጀልባውን ግጭት አያስቀርም። ዋናው ፍጥነት ነው። አውስትራሊያ ኒንጋሉ የባሕር ዳርቻ ላይ ከሻርኩ በ250 ሜትር ክልል ውስጥ አንድ ጀልባ ብቻ ይገባል፤ ያውም ከ8 ኖት (በሰዓት 15 ኪ.ሜ. ገደማ) ሳይበልጥ።

መልስ 2፦ አርታ ላይ ብዙዎቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ፕላንክተን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ሲበሉ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ስለሚሉ ነጂው ከሩቅ አያያቸውም። ከፊት አንድ ተመልካች ይቁም። ዋናተኛ ሲወርድና ሲወጣ ማርሹ ፎሌ ይሁን።

መልስ 3፦ ከኋላ ማሳደድ ይቅር! ኒንጋሉ ላይ ጀልባው ከ30 ሜትር አይጠጋም፤ ዋናተኛም ከአካሉ 3፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ይርቃል።