ከእናቴ ጋር የባሕር ወፍ ለማየት፦ ቤምፕተን ይሻላል ወይስ የፋርን ደሴቶች?

የሐዋሳ ልጅ፣ ከሊድስ

ጤና ይስጥልኝ። አገር ቤት ክረምት በሚገባበት፣ እዚህ እንግሊዝ ደግሞ በጋው በሚጀምርበት ወቅት ለሦስት ቀን ያህል ወደ ሰሜን ባሕር ዳርቻ ወጥተን የባሕር ወፎችን ለማየት አስበናል፤ ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምንሄደው እኔና ባለቤቴ፣ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአገር ቤት መጥታ ከእኛ ጋር የሰነበተችው እናቴ ነን። እናቴ ሐዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳትርቅ ያደገች በመሆኗ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ትርፍራፊ የሚጠባበቁትን አባ ኮዳዎች እያየች ነው ልጅነቷን ያሳለፈችው። እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን በመስኮት በኩል እርግብ እያየች ትውላለች፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ባሕር ደግሞ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ዮርክሻየር ካለው የቤምፕተን ገደልና ኖርዘምበርላንድ ካሉት የፋርን ደሴቶች የትኛውን እንምረጥ? ለልጆቹ እንዲመች ጉዞውን ትምህርት ቤት እስከሚዘጋበት እስከ ጁላይ መጨረሻ ብናቆየው እንጎዳለን ወይ? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከብዳታል፤ እኛም መኪና የለንም፤ ለዚህስ ምን ትላላችሁ?

ባሕር ዳር ነዋሪ፣ ከሃል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከቦታው በፊት ስለ ጊዜው ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። እነዚህ ወፎች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከየብስ ርቀው ውኃ ላይ የሚያሳልፉ ናቸው፤ ወደ ገደሉ የሚመጡት እንቁላል ጥለው ጫጩት ለማሳደግ ብቻ ነው። ጊለሞትና ሬዘርቢል የሚባሉት ጥቁርና ነጭ ወፎች ጁላይ ብዙም ሳይገፋ ገደሉን ይለቃሉ፤ ልጆችዎ አጥብቀው የሚፈልጉት፣ ባለ ቀለማም መንቁሩ ፓፊንም ወሩ ሳያልቅ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ጁላይ መጨረሻ ላይ ብትመጡ ጋኔት የሚባሉትን ትልልቅ ነጭ የባሕር ወፎች ታገኛላችሁ፤ የቀረው ገደል ግን አብዛኛው ባዶ ይሆንባችኋል። ስለዚህ በሜይ መጨረሻ በሚውለው የሃፍ ተርም የአንድ ሳምንት እረፍት ብትጓዙ ልጆቹ ከትምህርታቸው አይቀሩም፤ ወፎቹም በሙሉ ቤታቸው ይገኛሉ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ለእናትዎ ሲባል ያለ ማመንታት ቤምፕተንን እመርጣለሁ። ገደሉ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በመራቢያው ወቅት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የባሕር ወፎች ይሰፍሩበታል። ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ ከዚያ ኪቲዌክ የሚባሉት የባሕር ወፎች ጩኸት ይከተላል፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚሁ ጩኸት ነው። እናትዎ መውጣትም መውረድም አይጠበቅባቸውም፤ በአጥር በተከለሉት የመመልከቻ ሥፍራዎች ቆመው ቁልቁል ያያሉ። ጋኔቶቹ ክንፋቸው ሲዘረጋ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ነፋሱ ወደ ላይ ሲያነሣቸው ፊት ለፊትዎ፣ በዓይን ትክክል ያልፋሉ። ጥንዶቹ ሲገናኙ አንገታቸውን አቅንተው መንቁር ለመንቁር እያፋጩ የሚሳለሙትን ሰላምታ በባይናኩላር (ሩቁን አቅርቦ በሚያሳየው መሣሪያ) እንዲያዩት ያድርጉ፤ እኔ በየዓመቱ የምመለሰው ለእሱ ብዬ ነው።

ከሊድስ በባቡር ወደ ሃል ከመጣችሁ በኋላ የስካርብራውን ባቡር ትይዛላችሁ። ቤምፕተን የራሱ ጣቢያ አለው፤ ይሁን እንጂ ከጣቢያው እስከ ገደሉ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የእግር መንገድ ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ባለችው የብሪድሊንግተን ከተማ አድራችሁ ጠዋት በታክሲ መሄዱ ለእናትዎ ጉልበት ይሻላል። ገደሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ስለሚቆም የጠዋት ፀሐይ በደንብ ታገኘዋለች። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ በዚህ ወቅት ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ድንገተኛ ጭጋግ ይፈጥራል፤ ሊድስ ፀሐይ እያለ እዚህ አሥር እርምጃ ወደፊት ላይታይ ይችላል። ሦስት ቀን መመደብዎ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለእናትዎም ጋቢያቸውን ይያዙላቸው።

ማለዳ፣ ከኒውካስል

በቤምፕተን ምርጫ እስማማለሁ፤ ቢሆንም ስለ ፋርን ጥቂት ልጨምር፤ ልጆቹ ፓፊን በቅርብ ማየት ከፈለጉ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅምና። ቤምፕተን ላይ ፓፊኖቹ በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገቡ ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፋርን ላይ ግን አፈር ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚራቡ ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ነው ሰው ፓፊን ከእርግብ የሚያንስ ወፍ መሆኑን አይቶ የሚደነቀው።

ወደ ደሴቶቹ የሚወስዱት ጀልባዎች የሚነሡት ሲሃውስስ ከምትባለው ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። የጀልባው ክፍያና ደሴቶቹን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው ድርጅት የሚጠይቀው የመግቢያ ክፍያ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ይሰረዛል። በ2022 በወፍ ጉንፋን ምክንያት ተዘግታ የነበረችው ኢነር ፋርን የተባለችው ደሴት በ2024 እንደገና ለጎብኚ ተከፍታለች። አርክቲክ ተርን የሚባሉት የባሕር ወፎች ከአንታርክቲካ አካባቢ ተመልሰው ጎጆ የሚሠሩት ልክ በመንገዱ ዳርና ዳር ስለሆነ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ራስ ይወጋሉ፤ ሁላችሁም ጠንካራ ባርኔጣ ያስፈልጋችኋል። ጀልባው ስለሚናወጥና ከጀልባ ወርዶ ደረጃ መውጣት ስላለ ግን ጉልበት ለሚያማቸው እናት አልመክረውም።

አንድ ነገር ለእናትዎ ይንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያች ደሴት ቅዱስ ካትበርት የተባለ ባሕታዊ በብሕትውና ኖሮ በ687 ዐርፏል። አይደር የተባሉትን የባሕር ዳክዬዎች ይጠብቅ እንደነበር ይተረካል፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም ዳክዬዎቹን በእሱ ስም ይጠራቸዋል። በገዳሞቻችን ዙሪያ ዛፉም አራዊቱም ተከብሮ ሲኖር ያዩ እናት ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ወፍ ወዳድ፣ ከዮርክ

ስለ ጊዜው ከመጀመሪያው መላሽ ትንሽ እለያለሁ። ሃፍ ተርም መልካም ነው፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት አብዛኞቹ ጊለሞቶች ገና እንቁላል ላይ ናቸው። ጎጆ የማይሠሩት እነዚህ ወፎች አንዷን ሾጠጥ ያለች እንቁላላቸውን በባዶ ድንጋይ ላይ ይጥላሉ። ጫጩቷ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት፣ መብረር ሳትችል፣ አመሻሹ ላይ አባቷ ከታች ከባሕሩ እየጠራት ከገደሉ ትዘላለች። ይህ የሚሆነው ከጁን ማብቂያ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ካየ የሚረሳው አይመስለኝም። ከትምህርት ቤት ሳይቀር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማየት ይቻላል።

ለልጆቹ የገደሉን ታሪክም ይንገሯቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች ከብሪድሊንግተን በጀልባ እየመጡ እነዚህን ወፎች ለጨዋታ ብቻ ይተኩሱባቸው ነበር። ጎጆ ላይ ያሉ ወላጆች ሲገደሉ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቁ ስለነበር የአካባቢው ሰዎች ተቆጥተው ተነሡ፤ በ1869 የወጣው የባሕር አእዋፍ ጥበቃ ሕግም ከዚሁ ተነሣ። በገመድ ተንጠልጥለው እንቁላል የሚለቅሙት የመንደሩ ሰዎች ግን እስከ 1954 ድረስ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ዛሬ እዚያ ቆመን የምናየው ብዛት ሰዎች ተከራክረው ያተረፉት ነው፤ ስለዚህ አጥሩን አልፎ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ባየሁ ቁጥር ከልቤ አዝናለሁ።

የሐዋሳ ልጅ፣ ከሊድስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሃፍ ተርም ሁላችንም ብሪድሊንግተን ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ በጁን መጨረሻ ደግሞ እኔና ትልቁ ልጄ ጫጩቶቹ ሲዘሉ ለማየት ለአንድ ምሽት እንመለሳለን። ፋርንን ለሌላ ዓመት አቆይተነዋል። የካትበርትን ታሪክ ለእናቴ ነግሬያት የዕረፍቱን ቀን ጠየቀችኝ። ጾመ ሐዋርያት ከገባ ምግቧን ከቤት ይዘን እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ እናቴ መነጽር ስለምታደርግ ባይናኩላር ይሆናት ይሆን?

ባሕር ዳር ነዋሪ፣ ከሃል

ይሆናቸዋል። በዓይን በኩል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ወደ ውስጥ ጠምዝዘው ወይም አጥፈው ይስጧቸው፤ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሙሉውን ምስል ያያሉ። አሥር እጥፍ ከሚያጎላው ይልቅ ስምንት እጥፍ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ብዙም አይናወጥም፤ የሚበርን ወፍ ለመከተልም ይቀላል። ከመጓዛችሁ በፊት መስኮት ላይ ባሉት እርግቦች ይለማመዱበት።