ጥቆማ፦ ለትንሽ የሳንባ መድኃኒት ኩባንያ የትኛው አጋር ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አሜሪካ፣ የሲኦፒዲ (አየር መተላለፊያን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) መድኃኒት በሚያለማ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራ (በተወሰኑ ሕመምተኞች ላይ የሚደረገው) ደህና ወጥቷል፤ ካዝናው ግን እየሳሳ ነው። አለቆቼ አጋር ፍለጋ ላይ ናቸው። መስመሩን የምታውቁ፣ ማንን ትጠቁማላችሁ?

— እህቴ፣ የእኔ ምርጫ የቬሮና ፋርማ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሲኦፒዲ መድኃኒታቸውን፣ የኤንሲፈንትሪንን፣ የቻይና መብት ብቻ ለኑዋንስ ፋርማ ሰጥተው 40 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ወሰዱ፤ ከፊሉ በአክሲዮን ነበር። አሜሪካን ግን ለማንም አልሰጡም። በሰኔ 2024 ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ሲፈቅድላቸው ኦቱቬይር ብለው ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ዓመት እንዳለፈ ሜርክ ኩባንያውን በሙሉ በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ ተስማማ። መብቱን ቀደም ብለው ሸጠው ቢሆን ይህን ዋጋ ማን ይሰጣቸው ነበር?

— እሱ ሦስተኛውን ምዕራፍ (ከፈቃድ በፊት ያለውን ትልቁን ሙከራ) በራሱ ገንዘብ መጨረስ ለሚችል ነው። ካዝናው ለሳሳ የቴራቫንስን ውል እዩት። ከማይላን ጋር በ2015 ተዋዋሉ፤ የሲኦፒዲ መድኃኒታቸው ዩፔልሪ በ2018 ጸደቀ። አሜሪካ ውስጥ ትርፍና ኪሳራው 35 ለቴራቫንስ፣ 65 ለአጋሩ (አሁን ቪያትሪስ ነው) ይከፈላል። 35 ከመቶ ሲሰሙት ያንሳል፤ ግን ከተራ ሮያልቲ (ከሽያጭ ላይ ከሚቆረጥ ክፍያ) በብዙ ይሻላል። አቪሊዮንንም አትርሱ። የሙከራውን ወጪ ራሱ ተሸክሞ፣ መድኃኒቱ ሲጸድቅ የሚከፈለው ድርጅት ነው። የአስትራዜኔካን የአስም መድኃኒት ኤርሱፕራን በ2023 መጀመሪያ ለኤፍዲኤ ፈቃድ ያበቃው እሱ ነው። ከትንሽ ኩባንያ ጋር ይሠራ እንደሆነ ግን ጠይቃችሁ እወቁ።

— የገንዘቡን ምንጭም እዩ። የኢንሄለር መድኃኒት ሠሪውን ቬክቱራን በ2021 የሲጋራው ፊሊፕ ሞሪስ ሲገዛው የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት ጮኹ፤ ከጉባኤዎችም ታገደ። ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበትን ኩባንያ በ2024 ለሞሌክስ ሲሸጡት በእጅ የተከፈለው 150 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነው።

— ሌላ ነገር ልጨምር። ውሉ ላይ «ቀሪው ዓለም» የምትል ሐረግ አትለፍ። አጋሩ አዲስ አበባ ይሁን ናይሮቢ አንድ ፓኬት ሳይልክ መብቱን ይዞ ይቀመጣል። በዚህን ያህል ዓመት ካላስመዘገበ መብቱ ይመለሳል የሚል አንቀጽ አስገቡ። ለመሆኑ መድኃኒታችሁ በኔቡላይዘር (ፈሳሹን ወደ ጉም በሚቀይር ማሽን) ነው ወይስ በኢንሄለር (በእጅ በሚያዝ መሳቢያ)?

— የዱቄት ኢንሄለር ነው። መሣሪያውን የምንጠቀመው ከሌላ ኩባንያ በፈቃድ ወስደን ነው።

— እንግዲያው ከማንም ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት ወደ መሣሪያው ባለቤት ሂዱ። ኤፍዲኤ መድኃኒቱንና መሣሪያውን አንድ ላይ ነው የሚመዝነው። የመሣሪያው ፈቃድ ለአጋር መተላለፍ ካልቻለ፣ ትልልቆቹ ሰነዳችሁን ገልጠው ገና መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ እሱ ነው፤ ዋጋ የሚቀንሱትም በዚያው ነው። የማስተላለፍ መብቱን በጽሑፍ አስፈርሙና ከዚያ ቪያትሪስን አናግሩ።