ሂና ከእጅ ላይ ቶሎ የሚለቀው በምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እህቴ ሂና ስትቀባኝ እጄን አንቀሳቀስኩና አይበሉባዬ ላይ ተለቀለቀ። ጠዋት ብርቱካንማ ነበር፣ አሁን ጭራሽ እየጠቆረ ነው። ሦስቴ በሳሙና አሸሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ከነገ ወዲያ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ጓደኛዬ በረኪና ነካ አድርጊበት አለችኝ፣ ግን ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል፣ ፈራሁ።

መልስ 1፦ በረኪናውን በፍጹም እንዳትነኪው እህቴ! ቆዳ ያቃጥላል። መጥቆሩ አያስደንግጥሽ፣ ሂና እስከ 48 ሰዓት ድረስ እየደመቀ ነው የሚሄደው። ቀለሙ ሎሶን ይባላል፤ ላይኛው የሞተ ቆዳ ውስጥ ካለው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ቆዳው ሲረግፍ ነው አብሮ የሚሄደው። ብትተዪው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ማፋጠን ግን ይቻላል። እጅሽን ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ንከሪ፣ የጣቶችሽ ጫፍ እስኪጨማደድ። ከዚያ ደቃቅ ስኳር በምግብ ዘይት ለውሰሽ ቀስ እያልሽ እሺው። በቀን አንዴ ይበቃል። ቀላ ካለ ወይ ካቃጠለሽ ወዲያው ተዪው፣ የተላጠ ቆዳ ከሂናው የባሰ ያስታውቃል። ስትጨርሺ ቅባት ተቀቢ።

መልስ 2፦ ሎሚም የሚሉ አሉ። አንቺ ቆዳሽ የሚቆጣ ከሆነ ይቅርብሽ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል፣ እሱ ደግሞ ለሳምንታት አይለቅም።

መልስ 3፦ ብርቱካንማ ሆኖ መጀመሩ ደስ ይላል፣ የንጹህ ሂና ቀለም እሱ ነው። ገና ሲቀባ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል አለበት። እኔን እሱ ነው ያገኘኝ። በ3ኛው ቀን ያሳክከኝ ጀመር፣ ከዚያ ልክ የአበባውን ቅርጽ ይዞ ውሃ ቋጠረ። እንዲህ ከሆነባችሁ ማሸት የለም፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የፀጉር ቀለምም እንዳትቀቢ ብሎኛል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ በስኳሩ ሞከርኩት። ፎጣው ቡናማ ሆነ፣ እጄ ላይ ያለው የሻይ ቀለም መስሏል። ጥፍሬ ላይ ያለውስ?

መልስ 1፦ ጥፍር እንደ ቆዳ አይረግፍም፣ ከሥር እያደገ ሲቆረጥ ነው የሚያልቀው፣ ወራት ይወስዳል። እንዳትፍቂው። ለቃለ መጠይቁ የጥፍር ቀለም ደርቢበት፣ አይበሉባሽ ላይ የቀረውን ደግሞ ፋውንዴሽን (ቆዳ መሳይ ሜካፕ) ይሸፍንልሻል። ይቅናሽ!