ብዙ ሰው የሚደሰትበት ነገር ሁሉ ትክክል ነው?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
በሰፈራችን ቅሬ (የቀብር መረዳጃ ዕድራችን) አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከአረብ አገር ገንዘብ መላክ ካቆመች ወዲህ ወርሃዊ መዋጮ አልከፈሉም። ባለፈው ስብሰባ አብዛኛው ሰው «ከመዝገብ ይሰረዙ» አለ። ፍልስፍና የሚማር አንድ ወጣት ደግሞ እንግሊዛዊውን ጄረሚ ቤንታምን ጠቅሶ የብዙኃኑን ሐሳብ ደገፈ፦ ትክክለኛ ሥራ ለብዙዎች ብዙ ደስታ የሚያመጣ ነውና የአንድ ሰው ኀዘን የሁላችንን እፎይታ አያግድም አለ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ድንኳኑ አርጅቷል፣ ገንዘብ ያስፈልገናል፤ ይህን አልክድም። ግን እውነት ደስታ የትክክልና የስሕተት መለኪያ ይሆናል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እኅቴ። ወጣቱ የነገራችሁ የቤንታምን ግማሽ ነው። ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የደስታንና የሥቃይን ብርታት፣ ቆይታ፣ እርግጠኝነትና የሚደርስባቸውን ሰዎች ብዛት አብራችሁ መዝኑ ይላል። እጅ መቁጠር ብቻ አይደለም። የእናንተ እፎይታ በወር ጥቂት ብር ነው፤ የእናታችን ጭንቀት ግን ቀባሪ ማጣት ነው። ደግሞስ እርሳቸው ከተሰረዙ፣ ነገ የሚቸገር ሌላ አባል በቅሬው ተማምኖ ይተኛል? ያንንም ስጋት ደምሩበት።

መልስ (ከወልድያ)፦
እኔ ነገሩ በሒሳብ እንዲያልቅ አልፈልግም። በድብቅ ቢሰረዙና እስኪሞቱ ባያውቁት፣ ሌላውም ባይሰማ፣ ያን ጊዜ ትክክል ሊሆን ነው? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 እንደጻፈው ሰው ራሱ ግብ ነው እንጂ መገልገያ ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ለአገር ስምና ለሹማምንት ጸጥታ ሲባል የእኛ ሰው ተሠዋ። የሌላው ምቾት መለኪያ ሲሆን እንዲህ ነው።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ የረኃቡን ዘመን ማንሣትህ እኔን ይበልጥ ወደ ቤንታም አቀረበኝ። ያን ጊዜ ደስታና ሥቃይ መች ተመዘነ? የወሎ ገበሬ ከነአካቴው አልተቆጠረም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል የቤንታም ብሎ የጠቀሰው ደንብ እኮ እያንዳንዱ ሰው እንደ አንድ ይቆጠር፣ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠር የሚል ነው። በእኛም ስብሰባ እናታችን አልተጠሩም ነበር፤ ኀዘናቸውን የመዘንነው እኛው ነን። ስለ ድብቁ ያልከው ግን አሁንም ያስጨንቀኛል፣ በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ለጊዜው ለቅሬው ዳኛ ጥያቄዬን አቅርቤአለሁ፦ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እርሳቸው ራሳቸው ተቀምጠው ይናገሩ፣ ውዝፉም ልጃቸው እስክትቋቋም ይቆይ።